የጠርሙስ አጣቢዋ አበባ

ሰው ሁሉ እትዬ ጠርሙስ ይላት ነበር። «እትዬ» የሚለውን ያመጣው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ሲጠራት የአበባ እርሻው ሠራተኛ ሁሉ እየሰማ ወረሰው። «ጠርሙስ» የሚለውን ግን በራሷ ሥራ ነው ያተረፈችው። በግሪን ሃውሱ ጫፍ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረው አፈ ሰፊ፣ ክዳነ ጥብቅ፣ ታጥቦ የተደፋ ጠርሙስ ነበር። ስሙ ቅር አሰኝቷት አያውቅም። ሰው በሚሠራበት ቢጠራ ምን ነውር አለው? ነውሩ የመጣው በኋላ ነው።

ሥራዋ ካርኔሽን ከካርኔሽን መለየት ነበር። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካርኔሽን የሚባለው አበባ ሲያረጅ ከራሱ ውስጥ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ የሰው አፍንጫም አይደርስበትም። ለአበባው ግን ትእዛዝ ነው፤ «በቃህ፣ ተሰብሰብ» ይለዋል፣ እሱም እሺ ብሎ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። የተማሩት ሆርሞን ይሉታል። እሷም ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዕፅዋት ያጠናች ናትና ሆርሞን ትለዋለች፤ ሲደክማት ግን «ምላሱ» ትለው ነበር። አምስቱ ጣት እኩል አይደለም እንደሚባለው፣ የአንድ ዘር፣ እንዲያውም የአንድ ፍሬ ልጆች እንኳ የሚያወጡት መጠን አይመሳሰልም። አንዷ ገና ከመከፈቷ ትተፋዋለች፣ ሌላዋ ይዛው ትከርማለች። ዐይን ደግሞ አይለያቸውም፤ ቀለማቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ሽታቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ጠርሙስ ብቻ ነው።

አንዲት ዘንግ አበባ ጠርሙሱ ውስጥ ታቆማለች፣ ከጎኗ ትንሽ የቲማቲም ችግኝ ታስቀምጣለች፣ ክዳኑን ጥርቅም ታደርጋለች። ጋዝ ካለ የቲማቲሟ ቅጠሎች እንደተቆጡት ልጅ አንገታቸውን ይደፋሉ። ጋዝ ከሌለ ቀጥ ብለው ያድራሉ። ፈተናው ይኸው ነው። ጣጣው ያለው ጠርሙሱ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የቀረች አንዲት የበሰበሰች ቅጠል ራሷ ጋዝ ታወጣና ንጹሗን አበባ ታስወነጅላለች። ስለዚህ እትዬ ጠርሙስ ታጥባለች። በሙቅ ውሃ ታጥባለች፣ ታለቀልቃለች፣ ወደ መስኮቱ አንስታ በብርሃን ታያለች፣ ካልጣማት ትደግማለች። የጣቶቿ ቆዳ ከውሃ ብዛት ተጨማዶ የቀረ ነበር። የምታሳጥበው ሰው አጥታ አልነበረም፤ የሰው እጅ አላምን ብላ ነው። የቆሸሸ ጠርሙስ ይዋሻል፤ የጠርሙስ ውሸት ደግሞ የስንት ጊዜ ልፋት ገደል ይከታል።

በዚህ ሥራ ጎልማሳነቷ አለፈ። በመጨረሻ ግን ታጋሿን አገኘቻት። ደማቅ ቀይ፣ ጠርዟ የተቀደደ ወረቀት የመሰለ፣ ከጠርሙሱ ወጥታም ሌሎቹ ሁሉ ሲጠወልጉ እሷ ጎረቤት ቀብራ የተመለሰች አሮጊት ይመስል ቀጥ ብላ የምትቆም። ከዚያችው ፍሬ ከዚያችው እናት እህቷም ወጥታ ነበር፤ መልኳ ቁርጥ ታጋሿን፣ ጠባይዋ ግን ጉድ። በተከፈተች ማግስት ጋዙን ለቃ ቲማቲሟን ታስጎነብሳለች። ችኩሏ አለቻት። አልጣለቻትም፤ የቲማቲም ችግኞቿ ነቅተው እንደሆነ የምትፈትነው በእሷ ነበርና ከመደቡ መጨረሻ ጥቂት እግር ተከለችላት። በታጋሿ እግር ነጭ ክር፣ በችኩሏ እግር ቀይ ክር አሰረች። ያለዚያ ክር እሷም ራሷ አትለያቸውም ነበር።

ወንድሟስ? ወንድሟን አለቃ ይሉታል። አባታቸው ሲሞት እርሻውን ለሁለቱም ተወላቸው፤ እሷ ክፍሏን መረጠች፣ እሱ ወንበሩን። አልተከፋችም። ወንበር ላይ የሚቀመጥና ከሰው ጋር የሚያወራ ሰው ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ሲያወራ ማር ነው። እናታቸው በሕይወት ሳለች ስለ ሁለቱ ስትቀልድ፣ «ከአንድ ሆድ ወጥተው አንዷ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለች፣ አንዱ ምላሱን ተቃጥሎ ያለቅሳል» ትል ነበር። እትዬ ጠርሙስ ይህን ቀልድ ትወደው ነበር። ታጋሿ እኔ ነኝ ብላ ነዋ።

ነውሩ የመጣው የአበባ አምራቾች ማኅበር ሰዎች ሊጎበኙ የመጡ ዕለት ነው። አለቃ ከቢሮው ፊት ለፊት ጠረጴዛ አስዘርግቶ፣ ታጋሿን በብርጭቆ አቁሞ፣ በሚያብረቀርቅ ጫማው ወዲያ ወዲህ እያለ ያስረዳ ነበር። እሷ ችግኝ ይዛ፣ ሽርጧ እንደረጠበ፣ በአጠገባቸው ስታልፍ ድምፁን ሰምታ ቆመች። እንዴት ፍሬ በፍሬ እንደመረጠ ይናገራል። እንዴት ቲማቲሟ አንገቷን ስትደፋ ልቡ እንደሚደፋ ይናገራል። ይህ የእሷ አባባል ነበር፤ ቃል በቃል፤ ከዓመታት በፊት አንድ ቀን አብረው ሲበሉ ያለችውን ነው። ከእንግዶቹ አንዲት ሴትዮ ዘወር ብላ አየቻትና ማን እንደሆነች ጠየቀች።

«እሷ? እህቴ ናት» አለ አለቃ ፈገግ ብሎ። «ጠርሙስ ታጥብልናለች።»

እንግዶቹ በደግነት ሳቁ። ሴትዮዋማ ጭራሽ አዘነችና «አይዞሽ፣ ሥራ ክቡር ነው» አለቻት። እትዬ ጠርሙስ እግዜር ይስጥልኝ ብላ አለፈች። ምን ልትል ትችላለች? ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቀረውን ከቆራጩ ሰማች። ቆራጩ አበባ የሚቆርጥ፣ ወሬም የማይቀረው ሽማግሌ ነው። ታጋሿ በማኅበሩ ዘንድ ተመዝግባለች አላት። ስሟ ማን ተባለ ብትለው ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አለቃ» አላት። ወንድሟ አበባውን በራሱ ቅጽል ስም አስመዝግቦታል።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችው። እሱም አልካደም፤ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ፣ የእኔና የአንቺ የሚባል ነገር በመካከላችን አለ ወይ፣ ደግሞስ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ስም የወደድሽው፣ አላት። እሷም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እውነት ነው፣ የእሷም ዝምታ አልነቀዘም። እንደ ዘር ተቀመጠ። ጠርሙስ ባጠበች ቁጥር «ታጥብልናለች» የሚለው ቃል ከውሃው ጋር እየወረደ ይመጣል፣ ጥርሷን ነክሳ ታለቀልቀዋለች፣ በሚቀጥለው ጠርሙስ ተመልሶ ይመጣል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ረስቶት ነበር፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ይቀልድባት ጀመር።

ከዚያ ውድድሩ መጣ። የማኅበሩ ውድድር አፈራረዱ ልዩ ነው፤ ዳኞች አበባ አያሸቱም፣ ቀለም አያደንቁም። እያንዳንዱ እርሻ አበባውን በመስታወት ሣጥን ያቆማል፣ ሣጥኑ ይታሸጋል፣ ሕዝቡ በየቀኑ እየመጣ ያያል። በመጨረሻ ሳይረግፍ የቆመ ያሸንፋል። አለቃ በሐሳቡ ከአሁኑ አሸንፏል። ለወዳጅ ለዘመድ ሁሉ ጥሪ አስተላልፎ ነበር። ዘንግ መምረጡን ግን ለሌላ ሰው አላመነም።

«እትዬ፣ ያንቺ ዐይን ይምረጥልን» አላት ክፍሏ በር ላይ ቆሞ። እንዲህ ሲል ደግሞ ከልቡ ነበር።

እዚህ ላይ ከእሷ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ታጋሿ ጋዝ አታወጣም እንጂ ደንቆሮ አይደለችም። አየር በማይገባበት ቦታ ጎረቤቷ ካወጣ ትሰማለች፣ ከሰማች ደግሞ እንደማንኛዋም ትወድቃለች። እትዬ ጠርሙስ ይህን ያወቀችው አንድ ጊዜ በስሕተት ሁለቱን እህትማማቾች በአንድ ጠርሙስ ከድናቸው ነበር። በነጋታው ታጋሿ ተጠቅልላ ስታገኛት ልጅ የሞተባት ያህል ደነገጠች። ለወንድሟ አልነገረችውም፤ ደብቃው አልነበረም፣ እሱ ጠይቋት አያውቅም።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት መቀሷን ይዛ ወደ መደቡ ገባች። ከነጩ ክር የቆሙትን፣ ቀጥ ያሉትን፣ አንድ በአንድ ቆረጠች። ከዚያ ወደ መደቡ መጨረሻ ሄዳ ከቀዩ ክር ሦስት ዘንግ ጨመረች። ደስ አላት። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ደስ ብቻ አላት፣ ምሳ እንደደረሰለት ሰው። ሦስቱን ከሌሎቹ መካከል ስትሰካቸው ቆራጩ አጠገቧ ቆሞ እያየ፣ መንትያ ይመስላሉ፣ እናታቸውም አትለያቸው፣ ብሎ አደነቀ። እሷም እናታቸው ነበረች፤ አዎ አለችው። ዘንግ ቢሰበር መተኪያ እንዲሆን ከታጋሿ ብቻ አንድ ባልዲ ትርፍ ቆርጣ አብራ ጫነችው። አዳራሹ ሲደርሱ ግን ሣጥኑ ከታሸገ መተካት ክልክል ነው ተባለና ባልዲው ወደ ዕቃ ቤት ተወሰደ። በዚያው ተረሳ።

በየቀኑ አዳራሹ ሄደች። ከሰው ኋላ ሆና ታያለች። በመጀመሪያ ሣጥኑ በቀይ አበባ ተሞልቶ ሲያበራ አለቃ ከጎኑ ቆሞ እጅ ይጨብጥ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ከመካከል ያሉት ሦስቱ ጠርዛቸውን ወደ ውስጥ አጠፉ። ቢያዩት ኢምንት ነገር ነው፤ ከእሷ በቀር ያየው የለም። ከዚያ ግን አጠገባቸው ያሉት፣ ከዚያም የእነሱ ጎረቤቶች፣ ከዚያ ሁሉም። የሌሎቹ እርሻዎች ተራ አበቦች ገና ቆመው ሳለ የአለቃ ሣጥን አንገቱን የደፋ ለቅሶ ቤት መሰለ። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም አለና የተመልካቹ ቀልድ ሩቅ አልሄደም።

«አለቃ ወደቀ» አለ አንዱ።

«ምን ይደረግ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ሌላው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አለቃ ሣጥኑን ሊከፍት እጁን ዘረጋ፤ ዳኛዋ፣ ያችው በጉብኝቱ ዕለት እህቱን «አይዞሽ» ያለቻት ሴትዮ፣ ማኅተሙ ይጠበቃል ብላ በትሕትና ከለከለችው። እዚያው ቆሞ ቀረ። ፊቱ አመድ ሆነ። እትዬ ጠርሙስ ከኋላ ሆና አየችው፣ ጠግባ አየችው። አንጀቷ ራሰ። አሁን የሚቀራት ቤት መግባት፣ ወር ሁለት ወር መቆየት፣ ከዚያ ታጋሿን በራሷ ስም ማውጣት ነበር። በሐሳቧ ውስጥ ሁሉም እንዲህ የተሰደረ ነበር።

ወንድሟ ግን ወንድሟ ነው፤ መች ይጠብቃል? አዳራሹ እንደተዘጋ በቀጥታ ወደ እርሻው መጣ። እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ፣ ቢሮው እንኳ ሳይገባ፣ መደቡ ከዳር እስከ ዳር እንዲነቀልና ተከትክቶ ጉድጓድ እንዲገባ አዘዘ። እትዬ ጠርሙስ በመስኮቷ አየች። የመጀመሪያው እግር ከነሥሩ ሲወጣ፣ ነጩ ክር አፈር ላይ ሲንጠለጠል፣ የያዘችውን ጠርሙስ አስቀመጠች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ተዉ ብትል ይቆሙ ነበር። ወደ በሩ ሄደች፣ እጀታውንም ያዘች። ይህኔ አለቃ በመስኮቱ ሥር አለፈ፣ አያት፣ ቆመ።

«ጠርሙሶችሽንም ሰብስቢና እዚያው ጣያቸው» አላት። «ዕድሜ ልክ ስታጥቢ ኖረሽ ያተረፍሽልኝ ውርደት ነው።»

እጀታውን ለቀቀች። ይነቀል አለች በልቧ። ይነቀል፣ በገዛ አፍህ አስነቅለው።

በክፍሏ መደርደሪያ ላይ ግን ገና ሥር የያዙ ችግኞች ያሉባቸው ትናንሽ ማሰሮዎች ነበሩ፤ ለቀጣዩ ፈተና የታጋሿንም የችኩሏንም ቡቃያ በብዛት ሰክታ ያሳደገቻቸው። በየእግራቸው ክር አለ። አለቃ ሌላ ባያውቅ ነጭ ክር ምን እንደሆነ ያውቃል። ነገ ቁጣው ይበርድለትና ይመጣል፣ ነጭ ነጩን ለቅሞ ይወስዳል፣ እንደገና በስሙ ይጠራታል። ይህን ስታስብ ደሟ ፈላ። መቀሷን አንስታ ክሩን ሁሉ፣ ነጩንም ቀዩንም፣ ቀጭ ቀጭ አድርጋ ጣለች። ያም አልበቃት። ማሰሮዎቹን ከላይኛው ወደ ታችኛው፣ ከግራው ወደ ቀኙ፣ ላብ እስኪያጠምቃት አቀያየረቻቸው። እኔስ አውቃታለሁ አለች። ስንት ዘመን ያየኋትን ልጅ እንዴት አላውቃትም?

ሳምንት አላለፈም። የአዳራሹ ዕቃ ቤት ጠባቂ ወደ አለቃ ደውሎ ባልዲያችሁን ውሰዱልኝ፣ ቦታ ያዘብኝ፣ አበባው ደግሞ እንቢ ብሎ አልረግፍ አለ፣ አለው። አለቃ መጀመሪያ አላመነም። ሄዶ አየ። ባልዲውን በገዛ እጁ ተሸክሞ፣ ጫማው ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ እህቱ ክፍል ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ታጋሿ ባልዲ ሙሉ ቆማለች። ጠርዟ እንኳ አልታጠፈም።

«እትዬ፣ እነዚህ ለምን ቆሙ?»

እትዬ ጠርሙስ እያጠበች ነበር። አልዞረችም።

«ብቻቸውን ስለሆኑ» አለችው። «ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብቻቸውን አልነበሩም። ችኩሏ አብራቸው ነበረች፣ ሦስት ዘንግ። ጋዟን አወጣችባቸው።»

አለቃ እጁን ከባልዲው ላይ አነሳ። ማር የሆነው አፉ ደርቆ ነበር።

«ማን አስገባት?»

«ጠርሙስ አጣቢዋ።»

ይጮኻል ብላ ጠብቃ ነበር። ጩኸቱንም ተመኝታው ነበር፤ መልሱን ሁሉ አዘጋጅታለችና። እሱ ግን አልጮኸም። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ተቀመጠና በመስኮቱ ወደ ተገለበጠው አፈር አየ። እዚያ አንዲት እግር አልቀረችም፤ ቆራጩ በእሱ ትእዛዝ ጉድጓዱን ደፍኖ ረጋግጦታል።

«ስነቅላት እያየሽኝ ነበር» አለ።

«እያየሁህ ነበር።»

ባልዲውን ጠጋ አድርጎ ከእነዚህ ዘንጎች ሥር ማስያዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። አንዱን መዝዛ አሳየችው፤ ለውድድር የተቆረጠ ዘንግ ስለሆነ ጎን ጎኑ ተለቅሟል፣ ሥር የሚሰጥ ቡቃያ የለውም። ለቃሚዋም እሷው ነበረች። ሌላ የለም ወይ ሲላት ድምፁ ልጅ ሳለ የሚለምናትን ድምፅ መሰለ፤ ሆዷ ሊባባ ሲል «ታጥብልናለች» የሚለው ከውሃው ጋር ወረደላት። በአገጯ ወደ መደርደሪያው አመለከተችው። ብድግ ብሎ ማሰሮዎቹን ከዳር ጀምሮ አገላበጠ፣ ነጭ ክር ፈለገ፣ አጣ።

«የትኛዋ ናት?»

«ከመካከላቸው አለች። እስኪያብቡ ጠብቅ። ሲያብቡ እያንዳንዷን ለብቻዋ ጠርሙስ ውስጥ አቁም፣ ቲማቲሙን ከጎኗ አድርግ፣ ክደን፣ እደር። አንገቱን ከደፋ እሷ አይደለችም። ደግሞ ጠርሙሱን በደንብ እጠበው። የቆሸሸ ይዋሻል።»

«አንቺ እኮ ታውቂያታለሽ» አላት። «ንገሪኝ። ስሙን አስቀይራለሁ፣ ባንቺ ስም አስመዘግባታለሁ፣ በአባታችን አጥንት!»

እትዬ ጠርሙስ እጇን ጠረገች። ሽርጧን ፈትታ በአንገቱ አጠለቀችለት፣ ከኋላው አሰረችለት፣ ልጅ ሳለ ኮቱን እንደምትቆልፍለት። ብሩሹን ሰጠችው። ወንድሟ ብሩሹን ትንሽ አየውና የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ፤ የመጀመሪያውን ጠርሙስ አነሳ። አያያዙን አላወቀበትም፣ ውሃው ደረቱ ላይ ተረጨ። ወደ መስኮቱ ይዘኸው እይ አለችው። ይዞ አየ። ድገመው አለችው። ደገመው።

እሷ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ማሰሮዎቹን ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው፤ ክሩን ከቆረጠች ጀምሮ በየጠዋቱ እንደምታያቸው። ቅጠሉ አንድ ነው፣ ግንዱ አንድ ነው፣ አረንጓዴው አንድ ነው። አንዷን አንስታ አሸተተች፣ መልሳ አስቀመጠች። የትኛዋ እንደሆነች እሷም አታውቅም ነበር።

ይህን ግን አልነገረችውም። እየታጠበ ያለውን ጠርሙስ ድምፅ እየሰማች ቆመች።